በገንቦ አንገት ውስጥ ያለች ወፍ

ሙዚየሙ የፈለገው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በቦታዬ የተተካችው ልጅ ባለፈው ወር ደወለችልኝና «እትዬ ኒዕማት፣ ሳጥን ዐሥራ አራት ውስጥ ያለችው ባለወፏ የገንቦ ማጥለያ የተገኘችበት ቦታ አይታወቅም ይላል። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖር ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አውቃለሁ። በሕይወት ካሉት ሰዎች ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ መስመር ልጽፍላት ተቀምጬ ይኸው ይህን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ቦታውን ከተናገርኩ አባቴን ሌባ ያሰኘሁት እኔ መሆኔም አብሮ መውጣቱ አይቀርም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ፉስጣጥ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ምድጃ በታች ነበር፤ እናቴ ነጭ ልብስ አጥባ ባሰጣች ቁጥር ጭሱን ትረግመዋለች። ከቤታችን ጀርባ ጉብታዎቹ ይጀምራሉ። በነዚያ ጉብታዎች ሥር፣ ካይሮ ገና ሳትታሰብ በሙስሊሞች ዘመን የግብፅ ዋና ከተማ የነበረችው አሮጌዋ ፉስጣጥ ተኝታለች። ለእኛ ለልጆቹ ግን ጉብታ ማለት ገል ማለት ነበር። አረንጓዴ ቀለም ያለውን ገል እየመረጥን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወትበት ነበር። ዛሬ ሳስበው አንዳንዱ በመስታወት ሳጥን የሚቀመጥ ነበር።

አባቴ ረጀብ ቆፋሪ ነበር። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ቁፋሮው ይከፈትና ለእያንዳንዱ ቆፋሪ በገመድ የታጠረ የራሱ መደብ ይሰጠዋል። አባቴ ዶማ ብዙም አያነሣም፤ በትንሽ መቆፈሪያና በቡሩሽ፣ አንዳንዴም በትንፋሹ ነበር የሚሠራው። አለቃቸው ሸሓታ «የኒዕማት አባት እጅ እንቁላል ያስፈለፍላል» እያለ ይቀልድበታል። በእኛ ሰፈር ሰው የሚጠራው በልጁ ስም ነው። ወንድም ስላልነበረኝ አባቴ የኒዕማት አባት ነበር፤ በዚህ ሲኮራ እንጂ ሲያፍር አላየሁትም። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤት የምገባው ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት ቁርስ አደርስለት ነበር፤ ፉል፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ እናቴ በጨው የዘፈዘፈችው ኪያር። አባቴ አፈር የነካ እጁን በጀለቢያው ጠርጎ ይበላል፣ አፉን ሞልቶ ይስቃል። ዶክተር ኢጅላል በዚያ ስታልፍ ደግሞ «ቢስሚላህ ዶክተር፣ ይቅመሱልን እንጂ! ፉሉ ሞልቷል!» ይላታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ዶክተር ኢጅላል የቁፋሮውን መዝገብ የምትይዝ ወጣት ምሁር ነበረች። ሱሪ ትለብሳለች፣ ሽቶ ሽቶ ትላለች፣ እኔንም እንደ ትልቅ ሰው ታነጋግረኛለች። ምኞቴ እሷን መሆን ነበር። አንድ ቀን ገል መዳፌ ላይ አስቀምጣ «ገል የሚናገረው በቦታው እያለ ነው። ከቦታው ያነሣው ሰው ምላሱን ቆረጠው ማለት ነው» አለችኝ።

«የደበቀውስ?»

«እሱማ ሌባ ነዋ።»

ይህን በልቤ እየደጋገምኩ ሰነበትኩ።

ከአባቴ መደብ ቀጥሎ የአጎቴ ጋድ መደብ ነበር። አጎቴ የምለው በአክብሮት እንጂ ዘመዴ ሆኖ አይደለም። ከላይኛው ግብፅ፣ ከቂፍጥ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ አባቴን ሥራውን ያስተማረው እሱ ነበር። ወደ መደቡ ሲሄድ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከፊቱ እያሳለ ይሄዳል። ገመዱ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ክንዱን ይይዘዋል። ሽማግሌ ማክበር ነው ብዬ አልፈው ነበር። አፈሩን በጣቶቹ እየፈተገ አፍንጫው ሥር ሲያስጠጋው ደግሞ አሽትቶ ቅርስ የሚያወጣ አዋቂ ይመስለኝ ነበር።

እኔና እሱ ጨዋታ ነበረን።

«ይኼ ኮቴ የኒዕማት ነው አይደል? ነይ እስቲ ተማሪዬ። ይኼ አፈር ምን ዓይነት ነው?»

«ግራጫ።»

«እንዲሁ ግራጫ? የርግብ ነው የአህያ?»

«የአህያ።»

«አቤት ዓይን! ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት እንኳ እንዲህ አይለዩም። ጥቁር ሲመጣ ምን እናደርጋለን?»

«መቆፈር አቁመን ዶክተርን እንጠራለን።»

«ለምን?»

«ጥቁር አመድ ነው። አመድ ካለ ምድጃ አለ፣ ምድጃ ካለ ወለል አለ።»

«ጎበዝ!»

እየፈተነኝ መስሎኝ ነበር። አስተማሪ መልሱን የሚያውቀውን ነገር ነው የሚጠይቀው፤ እኔ የማውቀው የአስተማሪ ዓይነት ያ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ከፍቶኝ መጣሁ። ዶክተር ኢጅላል ከእንግዶች ጋር ስለነበረች ሰላም እንኳ አላለችኝም፤ አባቴ ደግሞ በእንግዶቹ ፊት «ልዕልቴ መጣች!» ብሎ ጮኸ። አጎቴ ጋድ እንደ ልማዱ ጠራኝ። «ተማሪዬ፣ አሁንም ቢጫ ነው ወይስ ጠቆረ?»

ጠቁሯል። እንደ ከሰል ጥቁር ነበር። እስቲ ይህ ትልቅ አስተማሪ ያውቅብኝ እንደሆነ ልየው ብዬ «ቢጫ» አልኩት።

«ጎበዝ» አለኝና ዶማውን አነሣ።

ሦስት ጊዜ መታ። አራተኛውን ሲመታ አባቴ ቀና ብሎ አየና «አጎቴ! አጎቴ፣ ቁም!» ብሎ ገመዱን ዘሎ መጣ። ሺህ ዓመት የተኛ ምድጃ ከነአመዱ ተገልብጦ ግማሹ ዘንቢል ውስጥ ገብቷል። እኔ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የሁሉንም ፊት ሳይ ጠፋ። ዶክተር ኢጅላል እየሮጠች ደረሰች።

«አጎቴ ጋድ! ምን አደረጉ? ጥቁሩን አላዩትም?»

አጎቴ ጋድ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ወደ እኔ እንኳ አልነበረም፣ ትንሽ ወደ ጎኔ ነበር። ልጅቷ ነገረችኝ አላለም።

«ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ነው ዶክተር» አለ አባቴ።

«ረጀብ፣ አንተን አልጠየቅኩህም። ነገ ዋናው ኃላፊ ይመጣሉ። ወሩን ሙሉ አንድ ዕቃ ያላወጣ፣ ወለል ያፈረሰ ቆፋሪ ለምን አቆየሽ ቢሉኝ ምን ልበላቸው?»

ቁርስ ላይ አባቴና አለቃ ሸሓታ ከሻይ ማፍያው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ነገ ከመደቡ አንድ ነገር ካልወጣ በባቡር ጭነው ወደ ቂፍጥ ነው የሚልኩት» አለ ሸሓታ። «እዚያ ደግሞ ማን አለው? እዚያ ሄዶ ግድግዳ ሲዳብስ ሊሞት?»

«ይወጣል።»

«ከየት? ከእናትህ ጓዳ?»

አባቴ ሳቀ። «ይወጣል አልኩህ እኮ። አንተ ብቻ ዓይንህን ጨፍን።»

ግድግዳ መዳበሱ አልገባኝም። «ዓይንህን ጨፍን» የሚለው ግን ገባኝ፤ ዓይን የሚጨፈነው ለምን እንደሆነ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ያውቃል። አባቴ አንድ ነገር ሊያጠፋ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ቁርሱን ይዤ በጉብታው በኩል መጣሁ። ላስደነግጠው ብዬ አፋፉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። አባቴ ከእኔ በታች ብቻውን ነበር፤ ሌሎቹ ኃላፊው የሚያልፍበትን መንገድ ሊጠርጉ ሄደዋል። በመደቡ ምሥራቃዊ ጥግ፣ ከድሮው የውሃ ጉድጓድ አፍ አጠገብ ተንበርክኮ በቡሩሽ ይጠርጋል። ከዚያ በሁለት እጁ አንድ ነገር አወጣ። የገንቦ አንገት ነበር። አንገቱ ወደ ታች ተደፍቶ ስለተቀበረ አልተሰበረም። አባቴ አንድ ጊዜ እፍ አለበትና ወደ ፀሐይ አነሣው።

በእኛም ቤት መስኮት ላይ ገንቦ ይቀመጥ ነበር፤ ትንኝ እንዳይገባ አንገቱ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማጥለያ አለው። የእኛው ተራ ቀዳዳ ነው። በዚህኛው ግን ቀዳዳዎቹ ተሰብስበው ወፍ ሆነዋል፣ ጅራቷን የዘረጋች ወፍ። ፀሐይዋ በወፏ ውስጥ አልፋ አባቴ ጉንጭ ላይ አረፈች። እንደዚያ ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም። ከዚያ ግራና ቀኝ አየና ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ቆፋሪ ዕቃ ሲያገኝ ባለበት ትቶ ዶክተሯን መጥራት አለበት። እኔ እንኳ ይህን አውቃለሁ።

ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ግን ከንዴቱ ይልቅ ደስታው ይበልጥ ነበር። ዶክተር ኢጅላል ትናንት አላየችኝም፤ ዛሬ ታየኛለች። ቁርሱን አፋፉ ላይ ትቼ ወደ ድንኳኗ ሮጥኩ። ሸሓታ በሩ ላይ ቆሞ ወረቀት ያስፈርማል።

«ዶክተር፣ አባቴ ዕቃ ብብቱ ውስጥ ደበቀ። አይቼዋለሁ።»

ሸሓታ ቀለሙ ተለወጠ። «ልጅ ናት ዶክተር፣ ምን ታውቃለች። ዳቦ ይሆናል…»

«አለቃ ሸሓታ፣ ይከተሉኝ» አለች እሷ። ራሴን ዳበስ አደረገችኝና ሄደች። የፈለግኩት እሱን ነበር፣ አገኘሁት።

ስንደርስ አባቴ ዘንቢል ይዞ ወደ አጎቴ ጋድ መደብ እየተሻገረ ነበር። ዶክተሯ ሸሓታን እንዲፈትሸው አዘዘችው። ሸሓታ እጁን የጓደኛው ብብት ውስጥ ሲከት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ማጥለያው ወጣ። አባቴ ሸሓታን ትክ ብሎ አየው። እኔ ከዶክተሯ ጀርባ ነበርኩ፤ አላየኝም።

«ምንድን ነው ይኼ ረጀብ?» አለች ዶክተሯ። ድምጿ ተሰብሮ ነበር፤ እሷም ትወደው ኖሯል። «ከየት አወጣኸው? ለማን ልትሸጠው ነበር?»

አባቴ ወደ አጎቴ ጋድ አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ «ሰይጣን አሳሳተኝ» አለ።

«ከየት ነው ያወጣኸው?»

«ሰይጣን አሳሳተኝ አልኩ እኮ።»

አጎቴ ጋድ ከመደቡ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «ምንድን ነው? ምን ሆነ? ለምን ሁሉም ዝም አለ?» ይላል። ጠጋ ብዬ «አባቴ ሰርቆ ተያዘ» አልኩት። ያለበት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ዓርብ ከስግደት በኋላ አጎቴ ጋድ ቤታችን መጣ። አባቴ ተባርሮ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በሩን በእጁ እየፈለገ ሲገባ አየሁት፤ በሐዘን ነው አልኩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«እኔ መደብ ውስጥ ልትከተው ነበር አይደል?» አለ።

«ሻይህን ጠጣ አጎቴ።»

«እኔ መደብ ውስጥ ልትቀብረው ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

«ምን ልናገር? አንተን አስይዤ እኔ ልወጣ?»

«ማን ነው የጠቆመብህ?»

«የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር» አለ አባቴ።

እኔ የተረዳሁት ሁለቱም ሌቦች መሆናቸውን ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው መደቡ ውስጥ ይቀብራል። አጎቴ ጋድ በማግስቱ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቂፍጥ ሲሳፈር ሸሸ አልኩ። የአባቴ መስዋዕትነት አንድ ሳምንት እንኳ ሳያገለግል ቀረ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ከእናቴ ጋር ሩዝ እየለቀምን ስለ አጎቴ ጋድ «ያ ሌባ» ብዬ አነሣሁ። እናቴ እጇ ትሪው ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ? አንቺ ልጅ፣ የሰውዬው ዓይን እኮ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ቆፋሪው ሁሉ እየመራ ነው ያሠራው። አባትሽ ያገኘውን እሱ መደብ ውስጥ ሊያስገባለት ነበር፣ ከሥራ እንዳያባርሩት። የማታውቁት አንቺና ዶክተሯ ብቻ ናችሁ።» ቀጠለችና «ያ ሸሓታ፣ ቤቱ ይፍረስ፣ እሱ ነው የሸጠን» አለች።

ቢጫ ያልኩት ትዝ አለኝ። ግራጫው፣ የርግቡ፣ የአህያው፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። ሽማግሌው በእኔ ዓይን ሲያይ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዓይኑ ቀለድኩበት። እናቴ ሩዙን መልቀም ቀጠለች፣ እኔም ቀጠልኩ። ያኔ «እማዬ፣ ሸሓታ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

አባቴ ከተባረረ በኋላ ሌላ ቁፋሮ የሚቀጥረው አላገኘም። ከጉብታው የተለቀመ ገል እየፈጨ ለግንበኞች ያቀርብ ጀመር። ቀይ አቧራ ሆኖ ይገባል፣ ማታ ሲያስለው መሐረቡ ላይ የሚቀረው ቀይ ነገር ደም ይሁን ሸክላ አንለይም። ያ እጅ መዶሻ ይዞ ገል ሲሰባብር ማየት አልችልም ነበር፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ እዞራለሁ።

አባቴ ሸሓታን ሰላም ማለት አቆመ። በመጀመሪያው ዒድ ሸሓታ በሳህን ብስኩት ላከልን። አባቴ አልቀመሰውም፤ «ውሰጂና መልሺለት» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሸሓታ በሩን ከፍቶ ሳህኑን አየና ተንበረከከ።

«መለሰው?»

«አዎ።»

«እኔ መሆኔን ነው የሚያስበው አይደል?» ሳህኑን ዘረጋሁለት። «ስሚኝ ኒዕማት። አንቺ እንደሆንሽ እንዳትነግሪው። በእኔ ይናደድ፣ የእኔ ትከሻ ሰፊ ነው። በአንቺ ከተናደደ ግን መግቢያ ያጣል።» ከሳህኑ አንድ ብስኩት አንሥቶ ሰጠኝ።

በመንገድ ላይ በላሁት። ስኳሩን ከከንፈሬ እየጠረግኩ፣ ጥፋት ያለበት ባይሆን ለምን ይለማመጠኛል ብዬ አሰብኩ። ልጅ ነበርኩ እላለሁ፤ ሰበቡ ግን እስከ ተወሰነ ዕድሜ ድረስ ነው የሚያገለግለው። ሸሓታ ሲሞት ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ በሙዚየሙ የመዝገብ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። የሐዘን ድንኳኑ ከቤታችን ፊት ለፊት ተተከለ። አባቴ መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ በመስኮቱ ስንጥቅ የቁርኣን ንባቡ ይገባል። ሰፈሩ በሙሉ ሄዶ እሱ ብቻ ቀረ። ሁለት ጊዜ ጫማውን አጥልቆ መልሶ አወለቀ፤ መሄድ ፈልጎ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሻይ ላፍላልህ?» አልኩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሙዚየም ወሰድኩት። «ያቺን ወፍ አንድ ጊዜ ልያት» እያለ ሲለምነኝ ከርሞ ነበር። ጀለቢያውን አስተኩሶ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ጥበቃው ሳቀበት፤ እንደ ልጅነቴ ልሸማቀቅ ስል ራሴን ያዝኩና እኔም አወለቅኩ።

ሳጥኑ ፊት ብዙ ቆመ። ከታች ያለውን ካርድ በጣቱ ጠቆመኝ። «አንብቢልኝ።»

ካርዱን የተየብኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከመዝገቡ ገልብጬ። «የገንቦ ማጥለያ፣ ፉስጣጥ። ከሠራተኛ ብብት የተያዘ። የተገኘበት ቦታ አይታወቅም» ይላል። ይህን ለእሱ ማንበብ አልቻልኩም።

«የገንቦ ማጥለያ፣ ፉስጣጥ» አልኩ። «በቆፋሪው በረጀብ እጅ የወጣ።»

«ስሜን ጽፈዋል?»

«ጽፈዋል።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ደስታውን ሳይ ልጨምርለት ፈለግኩ። «ቦታውንም ጽፈዋል። በምሥራቅ ጥግ፣ ከውሃው ጉድጓድ አፍ አጠገብ፣ አንገቱ ወደ ታች እንደተደፋ።»

ጣቱ መስታወቱ ላይ ቀረ።

«ማን ነገራቸው?»

«ምኑን?»

«መደፋቱን። ለማንም አልተናገርኩም። ለእናትሽም አልተናገርኩም። ሳወጣው ሰው አልነበረም።» ወደ እኔ አልዞረም፤ በመስታወቱ ውስጥ ነው ያየኝ። «ኒዕማት።»

«አቤት አባዬ።»

«ሸሓታ አልነበረም።»

አንገቴን ደፋሁ። ቢመታኝ፣ ቢረግመኝ ምንኛ በወደድኩ ነበር። እሱ ጣቱን ከመስታወቱ አነሣና የተወውን አሻራ በእጅጌው ጠረገ።

«ጫማዬን አምጪልኝ» አለ። «ወደ ሸሓታ መቃብር ውሰጂኝ።»

በአውቶቡስ ሄድን። መቃብሮቹ ዘንድ ስንደርስ እጄን ይዞ ወረደ፤ ጉልበቱ ደክሞ ስለነበር ሌላ መደገፊያ አልነበረውም። የሸሓታን መቃብር አሳየሁት። እጄን ለቀቀኝና ጎንበስ ብሎ፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ ድንጋዩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሸሓታ» አለ። «እኔ ነኝ፤ የኒዕማት አባት።»